የተኛ ውሃ

ቦንዳው ሲፈታ ነው፣ ታይዋን፣ ከረፋዱ፣
ከሸሚዝ ከሱሪ ከተጨማደዱ
ብድግ አለ እንደ ሰው፣ አንድ ወፍራም ጃኬት፣
ሆዱ የተነፋ፣ ሰማያዊ፣ ቆብ ያለው ባንገት።
«ይሄንን ማን ሊለብስ?» አልኩ ላቤን እየጠረግኩ፤
ኪሱን ግን ፈተሽኩ።
(ልማድ ነው፤ አንዳንዴ ሳንቲም ይረሳሉ
ሩቅ አገር ያሉ።)
የወጣው ወረቀት ነበር፣ ስምንት ጊዜ የታጠፈ፤
ስዘረጋው፣ ተራራ ከነግርማው ጭኔ ላይ አረፈ።

ነጭ ተራራ፣ ላዩ ላይ መስመር በክር እንደ ተሰፋ፣
አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቁልቁል የሚደፋ።
ጽሑፉ ፈረንሳይኛ። ለዚህማ ከዚራ ነው ያለው ሰው፣
ሙሴ ላቀው፣ ትኬት ሲበሳ ዘመን የጨረሰው፤
ጡረታው ቢቀጥንም ፈረንሳይኛው ወፍራም፤
ስጠራው ፈጥኖ መጣ፣ ሽርጡን እንኳ አልቀየረም።

«የአልፕስ ከተማ ነው፣» አለ፣
«ይሄ በሽቦ የሚሄድ ወንበር፣ ሰው እያንጠለጠለ
ጫፍ ያደርሳል፤ እግርሽ ላይ ሁለት ጣውላ ታስሪና
ሸርተቴ! ቁልቁል እስከ ምሳ ቤት፤ ከዚያ እንደገና።»
ልጄ ኢክራም ሳቀች፦ «ወድቀን ብንሰበር?»
«አረንጓዴው መስመር
ለጀማሪ ነው፣» አለ፣ ፍርጥም ብሎ፣
አይሻ ላይ በቆመ ባቡር ውስጥ «ደረስን» እንደሚል፣ ምሎ።

እንዲህ ተጀመረ።
ሙቀቱ አላስተኛ ሲል፣ አልጋ ደጅ ሲወጣ፣
ሙሴ የምድር ባቡሩን አሮጌ መዝገብ ታቅፎ ሲመጣ፣
እናቅዳለን። ወሩ ታኅሣሥ ይሁን፤ ጥር ላይ ይወደዳል።
የስድስት ቀን ትኬት፣ በቀን ሲካፈል፣ ከአምስቱ ይረክሳል።
ጫማው ኪራይ አለ፣ ጣውላውም፣ የራስ ቁሩም፤
የኢክራም በግማሽ ነው፤ አሥራ ሁለት አልሞላትም።
ማደሪያው ተራራ የሚያይ ይሁን፣ ወይስ ጓሮ የዞረ?
«ለማየት አይደል እንዴ!» ብዬ ስጮህ፣ ጎረቤት ከግንቡ ማዶ አማረረ።
ድምሩን ኢክራም በስልኳ ደመረች፤
ቁጥሩ አልበቃ ቢላት፣ ስልኩን በጎኑ አዞረች።
«በሰልባጅ ቢሰላስ?» አልኩ። «አሥራ አንድ ሺህ ሸሚዝ።»
ሙሴ ጻፈው፣ «ሸሚዝ» ብሎ፣ ያለ ምንም መተከዝ።

እኔ በረዶ ስል የማውቀው፣ በላስቲክ ቋጥሬ የምሸጠው፣
ቀፊራ ሳይደርስ የሚቀልጠው።
«ሲወርድ ምን ይላል?» አልኩት። «ምንም። ድምፅ የለውም፣» አለ።
ጣቱ ነጩ ላይ ዋለ።

ያን ሌሊት ደቻቱ፣
ያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣
ግመል የሚያርፍበት፣
ተነሣ።
እኛ ላይ ጠብ አላለም ነበር፤ የዘነበው ደጋ ነው፤
ተራራው ነው የሰደደው።
ሙሴ ተረኛ ነበር፣ ባቡሩ ላይ። ሲመለስ
ትርንጎ የለች፣ በሩ የለ፣ ግድግዳው የለ፤
ቁልፉ ብቻ እጁ ላይ።

«አየሽ ዘይባ፣ እዚያ ውሃ ከተራራ አይሮጥም፤
በወረደበት ይተኛል። ሰው ይሄድበታል፣ አይቆጣም።»

ከካርታው ጥግ ላይ ቢጫ ምልክት አለ፤
ቤት የሚያህል ነጭ ናዳ፣ ከፊቱ የሚሸሽ ሰው።
ይሄ ፈረንሳይኛ አያሻውም።
ሙሴ ያንን ጥግ ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል።
አልጠየቅሁትም።

ትናንት የሥጋ ማቀዝቀዣ ቤት ሠራተኛ መጣ፣
ጃኬቱን ለካ፣ ጥሩ ዋጋ ጠራ፣ ብር አወጣ።
«ተሽጧል፣» አልኩት።
ሚስማሩ ላይ መለስኩት።
መዝገቡ ላይ ተጽፏል፣ በሙሴ በተቀረጸ በሚመስል እጅ፦
መነሻ፣ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት። ተጓዥ፣ ሁለት አዋቂ፣ አንድ ልጅ።
የዓመተ ምሕረቱን ቦታ
ባዶ ትቶታል፤ ለማታ።